በፎቶግራፍ ኅዳግ ስለሚጻፈው ስፍራ

እስከ ዛሬ ተጠብቀው ከቆዩት ፎቶግራፎች ሁሉ ቀዳሚ መሆኑ የሚነገርለት ሰሌዳ፣ ጆሴፍ ኒሴፎር ኒየፕስ የተባለው ፈረንሳዊ በ1826 ወይም በ1827 (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሴን ሉ ደ ቫሬን መንደር በሚገኘው ቤቱ ፎቅ ላይ ሆኖ፣ በመስኮቱ የሚታየውን ጣሪያና ግንብ ሬንጅ በተቀባ የቆርቆሮ ቅይጥ ላይ በፀሐይ ብርሃን ያስቀረበት ነው። ያን ሰሌዳ ዛሬ የሚመለከት ሰው የሚያየው የደበዘዘ ጥላ ብቻ ሲሆን፣ ጥላው የማን ቤት፣ የየት አገርና የስንተኛው ዘመን እንደ ሆነ ከፊቱ አንዳች ቃል ሊያነብ አይችልም። ኒየፕስ በ1827 ወደ እንግሊዝ በሄደ ጊዜ ሰሌዳውን በኪው ይኖር ለነበረው የዕፅዋት ሠዓሊ ለፍራንሲስ ባወር ሰጠው፤ ባወርም ይህ የኒየፕስ የመጀመሪያው የተሳካ ሙከራ መሆኑን በጀርባው በእጁ ጻፈበት። ሰሌዳው ከ1898 በኋላ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ኖሮ፣ ሄልሙት ገርንሻይም የተባለው የፎቶግራፍ ታሪክ ጸሐፊ በ1952 በአንድ የተረሳ ሣጥን ውስጥ ባገኘው ጊዜ፣ ማንነቱን ከጥርጣሬ ያወጣለት በጀርባው የቀረው የባወር ጽሕፈት ነበር።

ብርሃን መልክን ይቀርፃል እንጂ ስም አይጽፍም። ስለዚህም ፎቶግራፍ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ከሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ይህ እገሌ ነው፣ ስፍራውም እዚህ ነው እያለ የሚመሰክር ጸሐፊ አላጣም፤ የጸሐፊው ማንነት ግን በየዘመኑ እየተለዋወጠ መጥቶ፣ በመጀመሪያ ፎቶ አንሺው ራሱ፣ ቀጥሎ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ከዚያም የፊልም ፋብሪካው ብልኀት፣ በመጨረሻም ባለቤቱ ሳያየውና ፈቃዱን ሳይጠይቅ የሚጽፍ መሣሪያ ሆነ። በእጅ ስልክ የተነሣ አንድ ተራ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ስፍራ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይዞ መዞሩ ዛሬ ብዙዎችን የሚያስደንቅ፣ አንዳንዶችንም ያስደነገጠ ነገር ቢሆንም፣ ከሥዕል ጋር ስፍራን የማሰር ፍላጎት ግን ከፎቶግራፍ ጋር እኩል ያረጀ ነው። አዲስ የሆነው ጸሐፊው ነው።

የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ከመሐንዲሶቹ ክፍል መካከል ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች አብረው ወጥተው ነበር። ከባዱን መስታወትና የጨለማውን ድንኳን በበቅሎ እያስጫኑ በብዙ ድካም ያስቀሯቸው የሰፈሩ፣ የገደሉና የአምባው ሥዕሎች ዛሬ በእንግሊዝ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ አንዱ ሸንተረር ከሌላው ሸንተረር፣ የዙላ ሰፈር ከሰንዓፌ ሰፈር የሚለየውም ከየሥዕሉ ሥር በተጻፈው አጭር ቃል ነው። ጸሐፊው የስፍራውን ስም ቢያሳስት ወይም ሳይጽፍ ቢተወው፣ ተራራው መልኩን ሳያጣ አገሩን ያጣል ማለት ነው። በ1905 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ለመሆን የበቃው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ በሠሩባቸው ዓመታት፣ እንዲሁም ከእነርሱ ቀጥሎ በከተማው በተከፈቱት ፎቶ ቤቶች፣ የካርቶኑ ጠርዝ የቤቱን ስም ተሸክሞ ሲወጣ፣ ጀርባው ደግሞ ለባለ ፎቶው የተተወ ባዶ ሜዳ ነበር። ሰውም በዚያ ሜዳ ላይ ለማስታወሻ ያህል የተነሣበትን ዕለትና ከተማ፣ ለማን እንደሚልከውም ጭምር እየጻፈ ለዘመድ ይልክ ነበር። በየአድባራቱ ባለው የወርቅ ወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የጉልትና የርስት ውል ከነምስክሮቹ ስም ሲጻፍ ለኖረበት አገር፣ ዋናውን ነገር መካከል ላይ፣ የዋናውን ነገር ማስረጃ ደግሞ ዳር ላይ ማኖር እንግዳ ልማድ አልነበረም።

ጽሕፈቱ ሲጐድል ምን እንደሚከተል የጦርነት ፎቶ አንሺው የሮበርት ካፓ ፎቶግራፍ ያሳያል። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ፣ በመስከረም 1936፣ ጥይት እንደመታው በጀርባው ሲወድቅ የሚታየው የሪፐብሊኩ ወታደር ሥዕል በዓለም ላይ ከታወቁት የጦርነት ፎቶግራፎች አንዱ ሲሆን፣ ከኮርዶባ ከተማ በስተ ሰሜን በሴሮ ሙሪያኖ እንደ ተነሣ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። በ2009 ግን ሆሴ ማኑኤል ሱስፔሬጊ የተባለው የባስክ አገር ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከወታደሩ ኋላ በሩቅ የሚታየውን የኮረብታ መስመር ከተመሳሳይ ዕለት ፎቶግራፎች ጋር አስተያይቶ፣ ስፍራው ሴሮ ሙሪያኖ ሳይሆን ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኤስፔሆ መሆኗን አስረዳ። በዚያ ወራት በኤስፔሆ ውጊያ ስላልነበረ፣ የስፍራው ስም መለወጥ ሥዕሉ እውነተኛ ሞት ነው ወይስ ለካሜራ የተደረገ ትርኢት የሚለውን የቆየ ክርክር አባባሰው። ካፓ ከፎቶግራፉ ኋላ አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ የ73 ዓመት ሙግት በተቀነሰ ነበር፤ ወይም ደግሞ፣ ይህም ሊታሰብ የሚገባው ነው፣ መስመሩን ያልጻፈው ሊጻፍ የማይመች ሆኖበት ሊሆን ይችላል።

የፎቶ አንሺውን ስንፍና ለማሸነፍ የመጀመሪያውን ብልኀት ያመጣው ሄንሪ ጌይስማን የተባለ አሜሪካዊ ፈልሳፊ ነው። የኮዳክ ኩባንያ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን የጌይስማንን ፓተንት በ300,000 ዶላር ገዝቶ፣ ከ1914 ጀምሮ ኮዳክ አውቶግራፊክ የተባሉትን ካሜራዎች ለገበያ አቀረበ። የካሜራው ጀርባ ትንሽ መዝጊያ ያላት መስኮት ነበረችው፤ ልዩ ሆኖ የተዘጋጀው ፊልምም ከራሱና ከሚሸፍነው ወረቀት መካከል ቀጭን የካርቦን ቅጠል የመሰለ ነገር ይዞ ነበር። ሰውየው ፎቶውን ካነሣ በኋላ መዝጊያዋን ከፍቶ በካሜራው ላይ በተሰካው የብረት መጻፊያ የስፍራውን ስምና ዕለቱን ይጽፋል፤ ከዚያም መስኮቷን ለጥቂት ሴኮንድ ወደ ሰማይ ብርሃን አቅንቶ ይይዛትና ይዘጋታል። ፊልሙ በታጠበ ጊዜ በሁለት ሥዕሎች መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ላይ የባለቤቱ የእጅ ጽሕፈት ተነሥቶ ይታያል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እነዚህን ካሜራዎች በኪሳቸው ይዘው ወደ ግንባር የሄዱ ወታደሮች ብዙዎች ነበሩ።

ይህ መሣሪያ ለዚህ ታሪክ ዋና መጋጠሚያ ይመስለኛል። ጽሕፈቱ ከካርቶኑ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ፊልሙ ሥጋ ገባ፤ ከሥዕሉ ጋር ተወልዶ ከሥዕሉ ጋር የሚኖር ሆነ፤ ሆኖም ብዕሩ ገና በሰው እጅ ነበረ። ስፍራውን ለመግለጽ የማይፈልግ ሰው መስኮቷን አለመክፈት ብቻ ይበቃው ነበር። ገዢው ሕዝብ ግን ለዚህ ነፃነት ብዙ አልተጨነቀም፤ ዕድሉን አግኝቶ የሚጽፈው ጥቂት ስለ ሆነ ኮዳክ በ1932 ልዩውን ፊልም መሥራት አቆመ። ሰው ስፍራውን የመጻፍ ችሎታ ቢሰጠውም እንደማይጽፍ ኢንዱስትሪው ከዚህ ተምሮ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች ሁሉ ሥራውን ከሰው ትከሻ ለማውረድ ሲጥሩ ነውና የምናያቸው።

ከሰማይ የሚነሣው ፎቶግራፍ በዚህ ረገድ ከምድሩ ቀድሞ ነበር። የካርታ አንሺ አውሮፕላን ካሜራ በየፊልሙ ጠርዝ ላይ የሰዓቱን ፊት፣ የከፍታ መለኪያውን፣ የውኃ ልኩንና የሥዕሉን ተራ ቁጥር አብሮ ያነሣ ነበር፤ ካርታ ለሚሠራው ሰው ስፍራው የማይታወቅ ሥዕል ከባዶ ወረቀት የማይሻል ነውና። ኢጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ኢትዮጵያን ከአየር ሲያነሡ፣ አንዱን ፎቶግራፍ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሌሎቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዘነበሉ ባንድ ጊዜ አንሥተው፣ ሁሉንም ባንድ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው የመለያ ጽሑፍ ያኖሩባቸው ነበር። ከ8,000 የሚበልጡት እነዚህ ሰሌዳዎች 34,000 ያህል ፎቶግራፎችን እንደያዙ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ማከማቻ ሳይነኩ ኖረው፣ የጌንትና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከብዙ ዘመን በኋላ ሲያገኟቸው፣ የእያንዳንዱን ቁልቁለትና ጫካ ስፍራ ወደ ዛሬው ካርታ መልሶ ማምጣት ረጅም ድካም ጠየቃቸው። ከሰማንያ ዓመት በፊት የነበረው ደን ከዛሬው በዝቶ ወይም አንሶ እንደ ነበረ ለማወቅ የሚቻለው በዚያ ድካም ብቻ ነውና ድካሙ የሚያስቆጭ አልሆነም።

ሰው ያለበትን ስፍራ በቁጥር የሚነግር ማሽን የተገኘው ከሌላ ወገን ነው። ሶቪየት ኅብረት በጥቅምት 4 ቀን 1957 ስፑትኒክን ወደ ጠፈር በሰደደች ጊዜ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ዊሊያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ የተባሉ ሁለት ወጣት ሊቃውንት የሳተላይቱን ድምፅ እየተከታተሉ፣ ሲቀርብ ቃናው እየረቀቀ፣ ሲርቅ እየወፈረ የሚሄድበትን ልክ ቆጥረው መንገዱን ደረሱበት። አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር በተከታዩ ዓመት ጥያቄውን ገልብጦ ጠየቀ፦ ከታወቀ የምድር ስፍራ ሆኖ የሳተላይትን መንገድ ማወቅ ከተቻለ፣ መንገዱ ከታወቀ ሳተላይት የምድርን ስፍራ ማወቅ ለምን አይቻልም? ከዚህ ጥያቄ ትራንዚት የተባለው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሥርዓት ተወለደ፤ ከእርሱም በኋላ የመጀመሪያው ሳተላይቱ በ1978 የተላከው ጂፒኤስ መጣ። ጂፒኤስ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ያቀፈ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው በአቶም ሰዓት የተለካ ጊዜ ይናገራሉ፤ ተቀባዩም መሣሪያ ቢያንስ ከአራቱ የሰማውን የጊዜ ልዩነት አስልቶ ስፍራውን ያወጣል። ብርሃን በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ 300 ሜትር ስለሚሄድ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ የምትገባ የጊዜ ቅንጣት ስሕተት ሰውን ከመንደሩ አስወጥታ ሌላ መንደር ታገባዋለች።

ይህ የጦር መሣሪያ ወደ ተራው ሰው እጅ የመጣበት ምክንያት አሳዛኝ ነው። በመስከረም 1 ቀን 1983 ከመንገዱ የሳተ የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን በሳካሊን ደሴት አጠገብ በሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ በውስጡ የነበሩት 269 ሰዎች ሁሉ ሲያልቁ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሥራው ሲፈጸም ለዓለም ሲቪል አየር መንገዶች ያለ ክፍያ እንደሚፈቀድ አስታወቁ። ቢሆንም አሜሪካኖች ለሲቪል የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው እያዛቡ በ100 ሜትር ያህል እንዲስት ያደርጉት ነበር፤ ይህ ማዛባት በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ የቆመው በግንቦት 2000 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የሰፈሩን ስም ያህል ብቻ ይናገር የነበረው መሣሪያ የቤቱን በር መናገር ቻለ።

በዚያው ዘመን ፎቶግራፍ ራሱ ከፊልም ተለይቶ ወደ ቁጥር እየተለወጠ ነበር። የየፋብሪካው ካሜራ ሥዕሉን በየራሱ መንገድ ማስቀመጡ ባስከተለው ውዥንብር የተነሣ፣ የጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ልማት ማኅበር በ1995 ኤግዚፍ የተባለውን ደንብ አወጣ። ደንቡ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው፦ ጄፔግ በተባለው የሥዕል ፋይል መግቢያ ላይ፣ ከሥዕሉ በፊት፣ መጠኑ ከ64 ኪሎባይት የማይበልጥ አንድ ማኅደር ይቀመጥ፤ በማኅደሩም ውስጥ የካሜራው ፋብሪካና ሞዴል፣ የሌንሱ ክፍተት፣ ብርሃን የገባበት ጊዜ፣ ቀንና ሰዓቱ በታወቀ ሥርዓት ይጻፍ። ሥርዓቱን የወሰዱት ከዚያ ቀደም ለስካነር ከወጣው ቲፍ ከተባለው ደንብ ነበር፤ ማኅደሩ ቁጥሮቹ ከግራ ወይም ከቀኝ እንደሚነበቡ በሚናገሩ ሁለት ፊደላት ይከፈትና 42 ቁጥር ይከተላል። ለምን 42 እንደ ሆነ ሲያስረዱ የቲፍ ደራሲዎች በደንቡ ውስጥ ጥልቅ ፍልስፍናዊ ትርጉም ስላለው ነው ብለው መጻፋቸው፣ መሐንዲስ በሥራ ሰዓት ቀልድ ሲያምረው ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። ቀልዱም ዛሬ በሚነሣው ጄፔግ ሁሉ ውስጥ ይደገማል።

ስፍራ ለብቻው የተለየ ክፍል ተሰጠው። በኤግዚፍ ማኅደር ውስጥ 34853 ቁጥር ያለው መዝገብ ሲገኝ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የጂፒኤስ ጉዳይ እንዳለ ይታወቃል። በዚያም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወይም በስተ ደቡብ መሆኑ በአንድ ፊደል፣ ኬክሮሱ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሴኮንድ፣ ኬንትሮሱም እንዲሁ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር እንደ ክፍልፋይ ሆኖ ስለሚቀመጥ 29.4 ሴኮንድ የሚለው 294 ሲካፈል ለ10 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከፍታው፣ ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ፣ የሳተላይቱ ሰዓትና የካርታው መሠረት የየራሳቸው መስመር አላቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የጃፓን ሊቃውንት ይህን ክፍል ግዴታ አለማድረጋቸው ነው፤ የስፍራው መስመር ሁሉ ቢሞላ ይሞላ፣ ባይሞላም ፋይሉ ሙሉ ነው የሚል ነበር ፍርዳቸው። ስለ ኋላው ችግር ሲወቀሱ ብሰማ ወቀሳው ያለ አድራሻው የሄደ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የኢትዮጵያን ፎቶግራፍ በዚህ ማኅደር የሚመረምር ሰው ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል። በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሣ ፎቶ በካሜራው መስመር ላይ 9 ሰዓት፣ በሳተላይቱ መስመር ላይ ደግሞ የግሪንዊች ጊዜ ስለሚጻፍ 6 ሰዓት ሆኖ ይገኛል፤ ለአንዲት ቅጽበት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሁለተኛው የካርታው ነው። የአገራችን የቆዩ የ1:50,000 ካርታዎች በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ ካለው አዲንዳን ከተባለ ነጥብ ተነሥቶ በተለካ መሠረት ላይ የቆሙ በመሆናቸው፣ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት መሠረት ጋር በ200 ሜትር ያህል ይለያያሉ። መለወጡን የዘነጋ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተነሣውን ፎቶግራፍ ከወንዙ ማዶ ሲያገኘው ማሽኑን ሐሰተኛ ይለዋል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስፍራን ከዲጂታል ሥዕል ጋር ማሰር የሥነ ምድር ሊቃውንት፣ የደን ባለሙያዎችና የተጓዦች ሥራ ነበር። አንዳንዱ ካሜራውን በሽቦ ከጂፒኤስ መሣሪያ ጋር ያገናኝ ነበር፤ አንዳንዱም የጂፒኤሱን ጉዞ ለብቻ መዝግቦ ማታ ቤቱ ሲገባ የሁለቱን ሰዓቶች እያጋጠመ በኮምፒዩተር ይጽፍ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሁሉ ዋና መሣሪያ ለመሆን የበቃውን ኤግዚፍቱል የተባለውን ፕሮግራም ካናዳዊው ፊል ሃርቪ ማውጣት የጀመረው በ2003 ሲሆን፣ ማኅደሩን ማንበብም መጻፍም የሚችል ስለ ሆነ እስከ ዛሬ የመርማሪዎችም የአስመሳዮችም ወዳጅ ነው። በነሐሴ 2006 ፍሊከር የተባለው የፎቶግራፍ መደብር ሰዎች ሥዕላቸውን ካርታ ላይ እንዲያኖሩ በፈቀደ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ1.2 ሚሊዮን የሚበልጡ ፎቶግራፎች ስፍራ ተሰጣቸው። እነዚህ ሰዎች በአውቶግራፊክ ዘመን እንደ ነበሩት ሁሉ ስፍራውን አውቀው፣ ወደው፣ እንዲያውም ተኵራርተው የጻፉ ናቸው።

የእጅ ስልክ ይህን ዘመን ዘጋው። በ2007 የኖኪያ ኤን95፣ በ2008 ደግሞ አይፎን 3ጂ ካሜራንና ጂፒኤስን ባንድ አካል ይዘው ሲወጡ፣ የስፍራው መስመር ማንም ሳይሞላው የሚሞላ ሆነ። ስልኩ አንድ ጊዜ ካሜራው የስፍራህን መረጃ ይጠቀም ዘንድ ትፈቅዳለህን ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም አዲስ ዕቃ በገዛበት ቀን ደስታ ይሁን ይላል፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በቤቱ፣ በሥራው ቦታና በልጆቹ ትምህርት ቤት የሚያነሣው ሁሉ በዚያች በአንዲት ቃል ተፈቅዶ ይጻፋል። ብዕሩ ከሰው እጅ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጽሕፈቱም ኅቡእ ስለሆነ ሥዕሉን በዓይኑ የሚያየው ሰው መኖሩን እንኳ አይጠረጥርም።

መዘዙ ብዙ አልዘገየም። የአሜሪካ ጦር በኋላ ለወታደሮቹ ማስጠንቀቂያ አድርጎ እንደ ተናገረው፣ በ2007 በኢራቅ ወደ ነበረ አንድ የጦር ሰፈር አዲስ ሄሊኮፕተሮች በደረሱ ጊዜ ወታደሮች ፎቶግራፍ አንሥተው በኢንተርኔት አኖሩ፤ ጠላትም ከሥዕሎቹ ውስጥ ስፍራውን አውጥቶ በሞርታር ደብድቦ አራት አፓቺ ሄሊኮፕተሮች አወደመ። በ2010 በካሊፎርኒያ በርክሊ የሚሠሩት ጄራልድ ፍሪድላንድና ሮቢን ሶመር፣ ለሽያጭ በሚቀርቡ ዕቃዎች ፎቶግራፍ ውስጥ የሻጩ ቤት ስፍራ እንደሚገኝ፣ በሌላ በኩልም ያው ሰው ለዕረፍት ርቆ መሄዱን የሚያሳዩ ሥዕሎች በግልጽ እንደሚገኙ፣ ስለዚህም ሌባ ከወንበሩ ሳይነሣ ባዶውን ቤት ሊመርጥ እንደሚችል በጥናት አሳዩ። በ2014 ደግሞ ኦወን ማንዲ የተባለው የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሰዎች በይፋ ያኖሯቸውን 1 ሚሊዮን የድመት ፎቶግራፎች በየቤታቸው ላይ በዓለም ካርታ አኖራቸው። ከሁሉ ማስጠንቀቂያ ይህ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ስለ ድመቱ ሲል የሚጠነቀቅ ሰው የለምና።

ነገሩን በዓለም ሁሉ ያስታወቀው ግን የጆን ማክአፊ ታሪክ ነው። በኮምፒዩተር ቫይረስ መከላከያ ፕሮግራም የበለጸገው ይህ ሰው በቤሊዝ ሲኖር ጎረቤቱ በኅዳር 2012 ተገድሎ ስለ ተገኘ፣ የአገሩ ፖሊስ ሊጠይቀው ሲፈልገው ተሰውሮ ሸሸ። በሽሽቱ ወቅት የቫይስ መጽሔት ሰዎች አብረውት ነበሩ፤ በታኅሣሥ 3 ቀንም ከእርሱ ጋር መሆናቸውን እየፎከሩ በአይፎን 4ኤስ የተነሣ ፎቶግራፍ አወጡ። በሥዕሉ ላይ የሚታየው ማክአፊ፣ የመጽሔቱ አዘጋጅና ጥቂት ቅጠላ ቅጠል ሲሆን፣ በኅዳጉ ግን 15 ዲግሪ ከ39 ደቂቃ ከ29.4 ሴኮንድ ሰሜን፣ 88 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ31.8 ሴኮንድ ምዕራብ የሚል ተጽፎ ነበር። የኬክሮስ ሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ 3 ሜትር ያህል ነው። ማኅደሩን የከፈቱ አንባቢዎች ሰውየው ቤሊዝን ለቅቆ በጓቲማላ በሪዮ ዱልሴ አጠገብ መሆኑን በሰዓታት ውስጥ አወቁ። ማክአፊ መጀመሪያ ቁጥሮቹን አሳዳጆቼን ለማሳሳት ራሴ ለውጫቸዋለሁ ብሎ ጻፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እውነት መሆናቸውን አመነ፤ በታኅሣሥ 5 ቀን በሕገ ወጥ መንገድ በመግባት ተይዞ፣ ከሳምንት በኋላ ወደ ማያሚ ተላከ። በግድያው ጉዳይ የወንጀል ክስ ቀርቦበት አያውቅም። በዚህ ታሪክ የሚደንቀኝ የስልኩ ጽሕፈት አይደለም፤ የሰውየው የመጀመሪያ መልስ ነው። ሐሰት ነው ብሎ ሲናገር ማንም ሊቃወመው የሚችልበት ማስረጃ ከፋይሉ ውስጥ አልነበረም፤ 294ን አጥፍቶ ሌላ ቁጥር መጻፍ የአንዲት ትእዛዝ ሥራ ነውና።

ከዚህ በኋላ ኅዳጉን መቁረጥ ልማድ ሆነ። ፌስቡክና ቀድሞ ትዊተር ይባል የነበረው መድረክ ለተመልካች ከሚያሳዩት ፎቶግራፍ ላይ ማኅደሩን ይነቅላሉ፤ ዋትስአፕም በፎቶ መልክ የተላከውን አራቁቶ ሲያደርስ፣ እንደ ሰነድ ሆኖ የተላከውን ግን ሳይነካ ያሳልፈዋል። በ2019 የወጡት የአንድሮይድና የአይፎን ሥርዓቶች ባለቤቱ ሥዕል ሲያካፍል ስፍራውን እንዲያስቀር መንገድ ሰጡት። ሆኖም ከተመልካች የተሰወረው ሁሉ ከባለ መደብሩም ይሰወራል ማለት አይደለም፤ ፌስቡክ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ስፍራ እንደሚሰበስብ በራሱ የውል ጽሑፍ ተናግሯል። ባለ ፎቶው የጻፈውን ሳያውቅ ጻፈ፤ የተነቀለውንም ሳያውቅ ተነቀለበት።

ጉዳቱ የደረሰው ምስክር በሚፈልጉት ላይ ነው። የግፍ ሥራ ያየ ሰው በስልኩ አንሥቶ በአደባባይ ያኖረው ሥዕል ከዚያ ሲወጣ ስፍራና ሰዓት የሌለው ስለሚሆን፣ ዓለም አቀፉ የጠበቆች ማኅበር በ2015 አይዊትነስ የተባለ ፕሮግራም አውጥቶ፣ ስፍራውና ሰዓቱ ከሥዕሉ ጋር ታሽጎ ለፍርድ ቤት የሚደርስበትን መንገድ አበጀ። ማኅደር የሌላቸውን ለማንበብ ግን መርማሪዎች ወደ ሱስፔሬጊ ጥበብ ተመለሱ። በ2018 የቢቢሲ የምርመራ ዝግጅት አፍሪካ አይ፣ ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ያለ ስምና ያለ ስፍራ የተሠራጨ ቪዲዮ ወስዶ፣ ከሰዎቹ ኋላ የሚታየውን የተራራ ቅርጽ ከሳተላይት ካርታ ጋር እያስተያየ ስፍራው በካሜሩን ሰሜን የዜሌቬት መንደር ዳርቻ መሆኑን አወጣ፤ የወታደሮቹንም ጥላ ርዝመት እንደ ፀሐይ ሰዓት ለክቶ ግድያው ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 2015 ባለው ጊዜ መፈጸሙን አስረዳ። የካሜሩን መንግሥት አስቀድሞ ነገሩን ሐሰተኛ ወሬ ነው ብሎ ነበር፤ በኋላ ሰባት ወታደሮች መያዛቸውን አስታወቀ።

የማኅደሩ ቁጥር እንዳይለወጥ የማተም ሥራ በታላላቅ ድርጅቶች ኅብረት የተያዘው ከዚህ በኋላ ነው። በ2021 አዶቢ፣ ማይክሮሶፍት፣ ኢንቴል፣ ቢቢሲና ሌሎችም ተባብረው ሲቱፒኤ የተባለውን ኅብረት አቋቋሙ፤ የሚያወጣውም ደንብ ካሜራው ያነሣውንና የመዘገበውን በምሥጢራዊ ፊርማ እንዲያትም፣ ከዚያ በኋላ አንዲት ቁጥር ብትነካ መነካቷ እንዲታወቅ ያደርጋል። ይህን ፊርማ በውስጡ ይዞ በመጀመሪያ የወጣው ካሜራ የ2023ቱ ላይካ ኤም11-ፒ ነው። ደንቡ አንድ ሌላ ነገርም ፈቅዷል፦ ከታተሙት መስመሮች አንዱን፣ ለምሳሌ የስፍራውን፣ ባለቤቱ መደምሰስ ቢሻ ሊደመስሰው ይችላል፤ መደምሰሱ ግን ተመዝግቦ ይቀራል። በላይካውም ላይ ፊርማው የሚሠራው ፎቶ አንሺው ከካሜራው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ራሱ ሲከፍተው ነው።